ሐሳባቸውን ሰምታችኋል፤ አሁን ፊርማውን ስጧቸው

ይድረስ፦ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የቦርድ አባላት፣ ለሥራ አስኪያጆችና ለገንዘብ ለጋሾች

ጉዳዩ፦ የተገፉ ማኅበረሰቦች ወጣቶች በስማቸው በሚሰጠው ገንዘብ ላይ የመጨረሻውን ውሳኔ እንዲሰጡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከደጅ ቆሜ አይደለም። ለብዙ ዓመታት እንደ እናንተ ባሉ ሰዎች ሥር ሠርቻለሁ፤ የእርዳታ ማመልከቻ አንብቤያለሁ፣ ነጥብ ሰጥቻለሁ፣ የውሳኔ ሐሳብ አርቅቄያለሁ፣ ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። የምወቅሰውን ነገር አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ በገዛ እጄ የሠራሁት ነውና።

አንድ ስብሰባ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ቦርዱ «የወጣቶችን ድምፅ ለመስማት» በሚል አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅና አንድ በክራንች የሚሄድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ጋብዞ ነበር። ሁለቱም የመጡት እኛ በዓመታዊ ሪፖርታችን «ተጠቃሚዎቻችን» እያልን ከምንጠራቸው ሰዎች መካከል ነው። ስማቸው የተጻፈበት ካርድ ደረታቸው ላይ ተለጠፈ፤ ከጠረጴዛው ጫፍ ሁለት ወንበር ተሰጣቸው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ፎቶግራፍ ተነሡ። የዕለቱ ሦስተኛ አጀንዳ ከትምህርት ገበታ ለራቁ ወጣቶች የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና ነበር። ሰብሳቢው በትሕትና «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ካርዷን በሁለት ጣቶቿ እያገላበጠች እንዲህ አለች፦ «ሥልጠናው ጠዋት ነው፤ እኛ ጠዋት ሥራ ላይ ነን። ማታ ቢሆን እንመጣ ነበር፤ ማታ ደግሞ መንገዱ ጨለማ ስለሆነ ሴቶቹን ቤተሰብ አይለቃቸውም። መጀመሪያ መብራቱ ቢገባ ይሻላል።» ሁሉም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሰብሳቢው አመሰገኗት። ፕሮጀክቱ አንዲት ፊደል ሳይነካ ጸደቀ።

«ቦርዱ ከወጣት ተወካዮች ጋር ከመከረ በኋላ ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ አጽድቋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከፊቴ በነበረው ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሮ ነበር። የተጻፈው ስብሰባው ከመደረጉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከዓመት በኋላ ከሥልጠናው ወንበሮች ብዙዎቹ ባዶ እንደነበሩ ሲታወቅ፣ የማጠቃለያ ሪፖርቱ ምክንያቱን «የወጣቶቹ ተነሳሽነት ማነስ» ብሎ መዘገበው። ያችን ልጅ መልሶ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኋትም።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከዓመታዊ ልገሳችሁ ውስጥ መጠኑ አስቀድሞ በጽሑፍ የታወቀ ድርሻ ለዩ፤ ያ ገንዘብ ለማን፣ ስንትና ለምን ሥራ እንደሚሰጥ ገንዘቡ ከሚመለከተው ማኅበረሰብ የተውጣጡ ወጣቶች ይወስኑ። አስተያየት ይስጡበት አላልሁም፤ ይወስኑ ነው ያልሁት። እነሱ ከፈረሙ በኋላ እናንተ ዳግመኛ ድምፅ አትስጡ። የእናንተ ሥራ ውሳኔው ከሕግ ጋር አለመጋጨቱን ማረጋገጥና ገንዘቡን በጊዜው ማስተላለፍ ይሁን።

ከመካከላችሁ «እኛ እኮ ሁልጊዜ እናማክራቸዋለን» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ማማከርና ማስወሰን ግን አንድ አይደሉም። የልጆች ተሳትፎ ተመራማሪው ሮጀር ሃርት በ1992 ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት (ዩኒሴፍ) ባዘጋጁት ጽሑፍ የልጆችንና የወጣቶችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስለውት ነበር (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ከታች ያሉትን ሦስት እርከኖች፣ ማለትም ልጆችን ለራስ ዓላማ መጠቀሚያ ማድረግን፣ እንደ ጌጥ ማቅረብንና ለይስሙላ ማሳተፍን፣ ከተሳትፎ አልቆጠሯቸውም። ያን ቀን በጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጠው የነበሩት ሁለቱ ወጣቶች በየትኛው እርከን ላይ እንደነበሩ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም።

በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ላይ፣ የራሱ አመለካከት ሊኖረው የሚችል ልጅ ሁሉ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን በነፃነት የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ተገቢው ክብደት እንደሚሰጠው ይደነግጋል። ትልቅ ድንጋጌ ነው። ነገር ግን ክብደቱን የሚመዝነው ማን ነው? ሚዛኑ እስከ ዛሬ በእኛ እጅ ነው። የልጅቷ የመብራት ጥያቄ በእኛ ሚዛን አንድ ራስ መነቅነቅና አንድ ምስጋና መዘነ። የአካል ጉዳተኞች ንቅናቄ «ስለ እኛ ያለ እኛ አይሆንም» እያለ ሲታገል ኖሮ፣ በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት መንግሥታት አካል ጉዳተኛ ልጆችን ጨምሮ ባለጉዳዮቹን በቅርብ እንዲያማክሩና እንዲያሳትፉ አስገድዷል። በእኛ በለጋሾች ላይ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የሚጥል ሰው የለም። የሰጪ እጅ ከላይ ስለሆነ ተቀባዩ ቅሬታውን ይውጣል፤ ለሚቀጥለው ዙር ያመለክታልና።

ሌላም የሚያስከፋኝ ነገር አለ። በየመድረኩ ወጣቶችን «የነገ ተረካቢዎች» እያልን እንጠራቸዋለን። በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 የሚደርሱ ወጣቶች 1.2 ቢሊዮን ያህል ናቸው። ከእነዚህ መካከል ለምሳሌ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ በሰው ቤት ሠርታ ታናናሾቿን የምታስተምረዋን፣ በስደተኞች መጠለያ ቤተሰቡን ወክሎ የሚሰለፈውንና የሚያስተረጉመውን ልጅ አስቡ። እነዚህ ምኑን ነው ነገ የሚረከቡት? ሸክሙን ከተረከቡ ቆይተዋል። ያልተረከቡት ሥልጣኑን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ሐሳቤን የለወጠውን ነገር ልንገራችሁ። ከዚያ ስብሰባ ዓመታት በኋላ፣ ውሳኔው ለወጣቶች በተሰጠበት አንድ አነስተኛ ፈንድ ውስጥ በረዳትነት ሠራሁ። የኮሚቴው አባላት ዘጠኝ ነበሩ፤ ትንሿ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሁለቱ ስደተኞች፣ አንዷ መስማት የተሳናት፣ አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ፣ የቀሩት በቀን ሥራና በቤት ሠራተኛነት የሚኖሩ ናቸው። የምንሰበሰበው ቅዳሜና እሑድ ባዶ በሆነ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ማመልከቻዎቹን በዴስኮቹ ላይ ዘርግተን በቁጥር እንጠራቸው ነበር፤ የአመልካቹ ስም እስከ መጨረሻው አይገለጥም።

ከማመልከቻዎቹ አንዱ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ለመክፈት የቀረበ ነው። በጽሑፍ ያማረ፣ በሠንጠረዥ የተደራጀ፣ በጀቱ ሳንቲም የማይጎድለው ነበር። እኔ ለሙከራ አስቀድሜ አንብቤ ከመቶ ዘጠና አንድ ሰጥቼዋለሁ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ልጅ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የሥልጠናውን አድራሻ ደግሞ አነበበው፤ ከዚያም ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው። «ይህን ሕንፃ አውቀዋለሁ» አለ። «ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም።» ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚህ በላይ ምንም አልተናገረም፤ አላስፈለገውምም። በእኔ የነጥብ መስጫ ቅጽ ላይ ስለ ደረጃው የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም።

በዚያው ቀን በእጅ ከተጻፈ አንድ ገጽ በቀር ምንም ያልተያያዘበት ማመልከቻ ወጣ። በመጠለያ ውስጥ የሚኖሩ ልጃገረዶች ለመጸዳጃ ቤቶቹ መቀርቀሪያ ያለው በርና ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ይጠይቃሉ። ገንዘቡ በጣም ትንሽ ነው። በቀድሞው መሥሪያ ቤቴ መመሪያ ከተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን በታች ስለሆነ ማንም ሳያነበው ይወድቅ ነበር። ወጣቶቹ ብዙም አልተከራከሩበት። አንዷ ልጅ ብቻ እስክሪብቶ አንሥታ በውሳኔው ግርጌ «መቀርቀሪያው ከውስጥ ይሁን» ብላ ጨመረችበት። ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

እነዚህ ልጆች ከእኔ የተሻለ ትምህርት አልነበራቸውም፤ አንዳንዶቹ ማመልከቻው ጮክ ተብሎ ካልተነበበላቸው አይከተሉትም ነበር። የሚያውቁት ግን በሪፖርት የማይገኝ ነው፦ የትኛው በር ለማን እንደሚዘጋ፣ የትኛው ማኅበር ስም ብቻ እንደሆነ፣ በየትኛው ሰዓት ሰው ቤቱ እንደሚገኝ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር። እኛ ይህንን ለማወቅ አጥኚ እንቀጥራለን፤ አጥኚው ለሁለት ሳምንት ሄዶ እነዚሁኑ ልጆች ይጠይቃል፤ የነገሩትንም እኛ በምንወድደው ቋንቋ ጽፎ ያመጣልናል። የነገሩት ልጆች ስማቸው በምስጋና ገጹ ላይ እንኳ አይወጣም።

ሥልጣን የያዘ ሰው የሚፈተነው ሲሰጥ ሳይሆን ሲከለክል መሆኑን ያየሁትም እዚያው ነው። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም ነበር። ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ አንድ ማመልከቻ ገና መነበብ ሲጀምር እህቱ ያለችበት ቡድን መሆኑን ከይዘቱ አወቀ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ «እኔ በዚህ ላይ አልገባም» ብሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ውይይቱ እስኪያልቅም አልተመለሰም። ስለ ጥቅም ግጭት ያስተማርናቸው ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አነሡ፦ ለወደቁት አመልካቾች የተለመደውን «ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» የሚል አጭር ደብዳቤ መላክ አይሆንም አሉ። ለእያንዳንዱ ለምን እንደወደቀና ምን ቢያስተካክል ደግሞ ሊመጣ እንደሚችል ጻፉ። ሁለት ሙሉ ቀን ፈጀ። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።

ይህ አካሄድ አዲስ የተፈለሰፈ አይደለም። ብራዚል ውስጥ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች በከተማው የካፒታል በጀት፣ ማለትም ለመንገድና ለመሳሰሉት ግንባታዎች በሚውለው ገንዘብ፣ ላይ የሚወስኑበትን አሠራር ስትዘረጋ፣ በድልድሉ ቀመር ውስጥ አገልግሎት የጎደላቸው ሰፈሮች የበለጠ እንዲያገኙ አድርጋለች። የአሜሪካዋ ከተማ ቦስተን በ2014 ከከተማው በጀት አንድ ሚሊዮን ዶላር ለይታ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 25 የሆኑ ወጣቶች ድምፅ ሰጥተው እንዲወስኑ አደረገች፤ ከመረጧቸው ነገሮች መካከል ለትምህርት ቤቶች የሚሆኑ ላፕቶፖች ይገኙበታል። የመንግሥት በጀት እንኳ፣ ያ ሁሉ ሕግና ቁጥጥር እያለበት፣ እዚህ ከደረሰ የግል ልገሳ የሚያመካኘው ምን አለው?

ከእናንተ ሥራ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው የአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት ተሞክሮ ነው። የኬሎግ ፋውንዴሽን የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚያ ግዛት ላሉ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖች፣ ማለትም ልገሳ ሰብስበው ለአካባቢያቸው ሥራ ለሚሰጡ ድርጅቶች፣ ገንዘብ ሲሰጥ፣ ቋሚ የወጣቶች ፈንድ እንዲያቋቁሙና ከፈንዱ በሚሰጠው ድጎማ ላይ የሚሠራ የወጣቶች ኮሚቴ እንዲኖራቸው ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ቋሚ የሚለውን ቃል ነው። ለአንድ ዓመት የሙከራ ፕሮጀክት ተብሎ የሚሰጥ ሥልጣን ወጣቶቹ ሥራውን በለመዱበት ማግሥት የሚነጠቅ ነው። ከዚያ ወዲህ የግዛቷ ሕግ የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶች ለትርፍ ባልቆሙ ድርጅቶች ቦርድ ውስጥ አባል እንዲሆኑ ፈቅዷል።

ከሁሉም ልቤን የሚወስደው ግን ፍሪዳ የተባለው የወጣት ፌሚኒስቶች ፈንድ ነው። በ2010 የተመሠረተ ሲሆን በወጣት ሴቶች የሚመሩ ቡድኖችን በተለያዩ አህጉራት ይደግፋል። ድጎማው ለማን እንደሚሰጥ ድምፅ የሚሰጡት አመልካቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ቡድን በአካባቢው ያሉ የሌሎቹን ማመልከቻ አንብቦ ይመርጣል። ይህ ማለት ገንዘብ ያላገኘ ቡድን እንኳ ጎረቤቱ ምን እየሠራ እንደሆነ አውቆ ይወጣል። በእኛ አሠራር የወደቀ ሰው የሚያተርፈው ምንድን ነው?

ወደ ሥጋታችሁ ልምጣ። «ገንዘቡን ያባክኑታል» የምትሉ ከሆነ፣ ያ ባዶ ወንበሮች የቀሩበት ሥልጠና የጸደቀው በአዋቂዎች መሆኑን አስታውሱልኝ። ኦዲቱ ይኑር፤ ደረሰኙ ይጠየቅ፤ እነሱም አይጠሉትም። ስሕተት ግን ይሠራሉ፤ አይሠሩም ብዬ አልዋሻችሁም። ያ የዘጠኝ ልጆች ኮሚቴ ለአንድ የልብስ ስፌት ቡድን ገንዘብ ሰጠ፤ ቡድኑ በስድስት ወር ውስጥ ተበተነ። ወሬውን ከቢሮው ቀድመው የሰሙት እነሱ ናቸው። ሦስቱ ሄደው ሁለት የስፌት መኪና በተቆለፈ ክፍል ውስጥ መኖሩን አረጋገጡ፤ ከቀድሞ አባላቱ ጋር ተነጋግረው ለሌላ ቡድን አስተላለፉት፤ ከዚያም የግማሽ ገጽ ሪፖርት ጻፉ። «የተሳሳትነው መሪዋ በደንብ ስለተናገረች እሷን ብቻ ሰምተን ነው። አባላቱን አላነጋገርንም። በሚቀጥለው ቢያንስ ሦስት አባል እናነጋግራለን» ይላል። «የወጣቶቹ ተነሳሽነት ማነስ» ከሚለው ከእኛ ሪፖርት ጎን አስቀምጡትና ገንዘባችሁን ለየትኛው ጸሐፊ እንደምታምኑ ራሳችሁ ፍረዱ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሥጋት ሌላ ነው፤ እሱም ከቁም ነገር ሊቆጠር ይገባል። ገንዘብ የሚያድል ወጣት በሰፈሩ ውስጥ ዒላማ ይሆናል። ዘመድ ይለምነዋል፤ ጉልበተኛ ያስፈራራዋል፤ ያልተሰጠው ጎረቤት ያኮርፈዋል። መኖሪያ ፈቃድ የሌላት ስደተኛ ስሟ በወረቀት ላይ መውጣቱ ብቻ አደጋ ሊሆንባት ይችላል። ይህን የማትከላከሉላቸው ከሆነ ሥልጣኑን ባትሰጧቸው ይሻላል። የእያንዳንዱ አባል ድምፅ ምስጢር ይሁን፤ ውሳኔው በኮሚቴው ስም ብቻ ይነገር፤ የእምቢታው ደብዳቤ የማንንም ልጅ ስም አይያዝ። ልጆች ችግር ሲደርስባቸው የሚደውሉለት፣ በሥራው የሠለጠነና ውሳኔው ውስጥ የማይገባ አንድ አዋቂ ይመደብ። ፎቶግራፉንም እባካችሁ ተዉት። ፎቶው የሚጠቅመው ብሮሹራችሁን ነው።

ማን ይመረጥ የሚለው ደግሞ ነገሩን ሁሉ ሊያበላሽ የሚችል ጥያቄ ነው። ቢሮዎች የሚቀናቸው በደንብ የሚናገረውን፣ ቀድሞ የሚያውቁትን፣ ስብሰባ የለመደውን ልጅ መጥራት ነው። እንዲህ ከሆነ የተገፉት እንደተገፉ ይቀራሉ፤ ከጎናቸው አንድ አዲስ አለቃ ይጨመርላቸዋል እንጂ። ጥሪው ወጣቶቹ በሚገኙበት ቦታ፣ በሚናገሩት ቋንቋ ይድረስ። ከተመዘገቡት መካከል ከፊሉ በዕጣ ቢወጣ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል፤ ዕጣ አንደበተ ርቱዕ አይልም፣ ዘመድ አያውቅም። ዕድሜውንም በግልጽ ወስኑ። የተባበሩት መንግሥታት ለስታቲስቲክስ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 24 ያለውን ነው፤ የጸጥታው ምክር ቤት በ2015 ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 2250 ከ18 እስከ 29 ይላል፤ የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር ከ15 እስከ 35 ያደርሰዋል። የትኛውንም ብትመርጡ ለታናናሾቹ የተጠበቀ ወንበር ይኑር። የአሥራ ስድስት ዓመቷን ልጅ ቦታ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው በወጣት ስም ሊይዝባት አይገባም።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ መልካም ሐሳብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እናንተ ለአማካሪ የቀን አበል ትከፍላላችሁ። የቀን ሠራተኛዋ ልጅ ግን ከእናንተ ጋር የምትውልበትን ቅዳሜ በነፃ እንድትሰጥ ትጠየቃለች፤ ያ ቅዳሜ ለእሷ የእራት ገንዘብ ነው። በነፃ አገልግሉ ስትሉ፣ ሳታውቁት፣ ቤቱ የሞላለት ብቻ ይምጣ ማለታችሁ ነው። የውሎ አበሉ በዚያው ቀን ይከፈላት፤ የትራንስፖርቱ ደግሞ ቀድሞ ይሰጣት፤ ከፍላ መጥታ በደረሰኝ ይመለስላት የሚባለው ለባለደመወዝ የሚሠራ ነው። ልጅ ያላት ልጇን የሚይዝላት ሰው ይኑር። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ከመጀመሪያው ቀን በበጀት ይያዝ።

ሕጉ ያስቸግራል የምትሉት እውነት ነው፤ በአብዛኛው አገር ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ሰው ውል አይፈርምም፣ ያልተመዘገበ ቡድንም የባንክ ሒሳብ አይከፍትም። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው፦ የተመዘገበ ድርጅት ገንዘቡን ይያዝላቸው፣ ይክፈልላቸው፣ ሒሳቡን ያወራርድላቸው። በውሳኔው ግን ድምፅ አይኑረው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር በውሉ ውስጥ በፊደል አስገቧት፤ ገንዘብ ያዡ ቀስ በቀስ ወሳኝ የሚሆነው ያልተጻፈ ሲሆን ነው።

ተስፋ ብቻውን እንደማይበቃ ያየነው ነው። በ2016 በኢስታንቡል በተካሄደው የዓለም የሰብዓዊ ጉዳዮች ጉባኤ ትልልቅ ለጋሾችና የእርዳታ ድርጅቶች እስከ 2020 ድረስ ከሰብዓዊ እርዳታው ቢያንስ 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአካባቢና ለአገር በቀል ድርጅቶች እንዲደርስ ቃል ገብተው ነበር። ግቡ በጊዜው አልተመታም። የፈረሙት ሰዎች ክፉዎች ስለሆኑ አይመስለኝም። በየቢሮው ማክሰኞ ጠዋት ገንዘብ የሚለቀው ሰው ፊት የተቀመጠው መመሪያ ስላልተለወጠ ነው፤ ያ ሰው እኔ ነበርሁ፣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ መግለጫ አታውጡልኝ። መመሪያችሁን ክፈቱና ቁጥሩን እዚያ ውስጥ ጻፉት። አሥር ከመቶ ከሆነ አሥር ይሁን፤ ትንሽ ቢሆንም በእርግጥ የእነሱ ይሁን። ድርሻው ለምን አነሰ፣ መቼ ይጨምራል ብለው ሲጠይቋችሁም መልስ ይኑራችሁ፤ መጠየቃቸው አይቀርምና።

አንድ ነገር በተለይ ለገንዘብ ለጋሾች። ከእናንተ ብዙዎቹ የልገሳችሁን ዓላማ በዝርዝር ትጽፋላችሁ፦ ለሥልጠና፣ ለዚህ ዓመት፣ ለዚህን ያህል ሰው። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ያ ዝርዝር ቀድሞ እጁን ያስረዋል። ልጆቹ መብራት ሲሉ የእናንተ ገንዘብ ሥልጠና ይላል። ለዚህ ድርሻ ብቻ ዓላማውን ክፍት ተዉላቸው። ውጤቱንም በዓመቱ ከኮሚቴው አፍ ስሙት፤ ሪፖርቱን እኔን የመሰለ ሰው አሳምሮ እንዲጽፍላችሁ አታድርጉ።

ያችን በካርዷ ስትጫወት የነበረችውን ልጅ በኋላ ላገኛት ሞክሬ ነበር፤ ሰፈሩን ለቅቃለች አሉኝ። ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናለች። የይቅርታው ቃል ስለቀረብኝ ይህን ደብዳቤ ለእናንተ ጻፍሁ።

በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባችሁ ይህን ጉዳይ አንደኛ አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙልኝ። ወጣቶቹን ጥሩ፤ በጠረጴዛው ጫፍ ሳይሆን ሰነዱ በሚፈረምበት በኩል ይቀመጡ። ቃለ ጉባኤ ያዣችሁም በዚያ አጀንዳ ሥር ያለውን ቦታ፣ እነሱ ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ፣ ባዶውን ይተወው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ማመልከቻ መርማሪና ቃለ ጉባኤ ያዥ